የኮከብ የሸክም ልክ
ስለ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ሕይወትና ሥራ የቀረበ ጥናት



የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ሳለ ስለ አንድ የፊዚክስ ሊቅ ለመጻፍ መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። «የራሳቸውን ማሳ ሳያርሙ የሰው ማሳ ገቡ» የሚለንም አይጠፋም። ለመጻፍ ያነሣሡን ምክንያቶች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ጥቁር ጉድጓድ ወይም ብላክ ሆል የሚባለው ነገር ስሙ በየሻይ ቤቱ ሲነሣ እየሰማን፣ ምን እንደ ሆነ አስረግጦ የሚነግረን ሰው ግን ጥቂት መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ፣ የጥቁር ጉድጓድ ታሪክ ሲመረመር በውስጡ አንድ ወጣት ተማሪ መገኘቱ ነው። ይህ ወጣት እውነቱን ይዞ ቆመ፤ አንድ ታላቅ ሰው በጉባኤ ፊት አሣቁበት፤ እውነቱን የሚያውቁት ደግሞ ዝም አሉ። ይህ የፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ አይመስለንም።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱና መርከቡ

ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ኦክቶበር 19 ቀን 1910 በላሆር ከተማ ተወለደ። ላሆር ያን ጊዜ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ህንድ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ትገኛለች። አባቱ በባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ምርመራ ሹም ነበሩ። እናቱ ሲታላክሽሚ የኖርዌዩን ደራሲ የኢብሰንን ቴአትር ወደ ታሚል ቋንቋ የተረጐሙ አስተዋይ ሴት ነበሩ። አጎቱ ራማን በ1930 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሊቅ ነው። ወዳጆቹ ሁሉ በአጭሩ ቻንድራ ይሉት ስለ ነበረ እኛም እንዲሁ እንለዋለን። ታሪኩ ሲጀምር ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ የማይበልጥ በመሆኑም «እርሳቸው» ማለቱን ትተን እንደ ጓደኛ «እርሱ» ብለን እንጽፋለን።

ቻንድራ በማድራስ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ትምህርቱን እንደ ፈጸመ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንዲማር የመንግሥት ስኮላርሺፕ አገኘ። በጁላይ 1930 መጨረሻ ላይ ከቦምቤ ወደ ቬኒስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። እናቱ ታመው ነበር፤ ተሰናብቷቸው ከሄደ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ስላረፉ ዳግመኛ አላያቸውም። መርከቡ በቀይ ባሕር በኩል አልፎ ወደ ስዊዝ ሲያቀና፣ በዚህ ወገን አዲስ አበባ ለንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫኛ በዓል ትሰናዳ ነበር። በዓሉ የተፈጸመው ሦስት ወር ያህል ቈይቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዳርቻችን ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በመርከብ ላይ ተቀምጦ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስለ ከዋክብት አሟሟት ያሰላ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ በመርካቶ ሚዛን

እኛ ይህን የጻፍን ተማሪዎች የአዲስ ከተማ ልጆች ስለ ሆንን፣ ነገሩን ለራሳችን የተረዳነው በሰፈራችን ምሳሌ ነው።

ኮከብ ማለት ዘወትር ሸክም ተሸክሞ የሚኖር አካል ነው። ሸክሙም የራሱ ክብደት ነው። የስበት ኀይል አካሉን ሁሉ ወደ መካከል ይጐትተዋል፤ በመካከሉ አቶሞች ሲዋሐዱ የሚወጣው ትኩሳት ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲመዛዘኑ ኮከቡ ጸንቶ ይኖራል። ነዳጁ ሲያልቅ ግን የሚገፋው ኀይል ይደክማል፤ ክብደቱ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ኮከቡ ይኮማተራል።

እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ በመጨረሻው ነጭ ድንክ የሚባል ዓይነት ኮከብ ይሆናል፤ ይኸውም የፀሐይን ያህል ክብደት በምድር መጠን ውስጥ ታጭቆ ማለት ነው። ከዚህ ኮከብ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጨለፍ ክብደቱ ከአንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነት ማለትም ከሃምሳ ኩንታል የማያንስ ይሆናል። ታዲያ ነዳጅ የሌለው ይህ ኮከብ ከዚያ በላይ እንዳይጨመቅ የያዘው ምንድን ነው?

መልሱን በ1926 ያገኘው ራልፍ ፋውለር የተባለ የካምብሪጅ ሊቅ ነው። ኤሌክትሮኖች ሁለት ሆነው በአንድ ቦታ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መገኘትን አይቀበሉም። በመርካቶ ያለ አንድ መጋዘን ታስቡ ዘንድ እንለምናለን። የታችኛው መደርደሪያ ሲሞላ የሚመጣው ዕቃ ከላይ፣ ከዚያም ከላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ በሌላው ዕቃ ሆድ ውስጥ አይገባም። ለኤሌክትሮን «ከፍ ያለ መደርደሪያ» ማለት የበለጠ ፍጥነት ማለት ነው። ስለዚህ ኮከቡ በተጨመቀ ቍጥር ኤሌክትሮኖቹ ይበልጥ እንዲሮጡ ይገደዳሉ፤ ሩጫቸውም ግፊት ሆኖ ኮከቡን ይሸከመዋል። ፋውለር ከዚህ ተነሥቶ፣ ማንኛውም ኮከብ በመጨረሻው በሰላም ነጭ ድንክ ሆኖ ያርፋል ወደሚል ሐሳብ ደረሰ።

ቻንድራ በመርከቡ ላይ ያነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። ኮከቡ እጅግ ሲከብድ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋሉ። አይንስታይን በ1905 እንዳስረዳው ግን ከብርሃን የሚፈጥን የለም። እንግዲህ ሯጩ ከዚያ በላይ ሊሮጥ ካልቻለ፣ ግፊቱ ክብደቱ በሚጨምርበት ልክ ሊጨምር አይችልም። የመርካቶ ተሸካሚ አንድ ኩንታል ተሸክሞ ከአውቶብስ ተራ እስከ እህል በረንዳ ይሄዳል፤ ጀርባው ላይ ሌላ ኩንታል፣ ደግሞም ሌላ ቢጨመርበት ግን ጒልበቱ የሚከዳበት ልክ አለ። ኮከብም እንዲሁ የሸክም ልክ አለው። ልኩም በዛሬው ስሌት የፀሐይ ክብደት 1.4 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ቍጥር ዛሬ በዓለም ሁሉ የቻንድራሴካር ወሰን ይባላል። ከዚህ ወሰን የሚበልጥ ኮከብ ትርፉን በአንድ መንገድ ካላራገፈ ነጭ ድንክ ሆኖ ሊያርፍ አይችልም።

ይህን ቍጥር ምናለሽ ተራ ሆነንም ልናስበው እንችላለን። በዚያ ከማለዳ እስከ ማታ የሚቀጠቀጠው ብረት የተሠራው በከዋክብት እቶንና በከዋክብት ፍንዳታ ነው። እጅግ ከባድ የሆነ ኮከብ ቀላሉን አቶም ወደ ከባድ እያዋሐደ ይሄድና ብረት ላይ ሲደርስ ያበቃል። ብረትን አዋሕዶ ትኩሳት ማትረፍ አይቻልምና። በመካከሉ የተከማቸው ብረት የቻንድራሴካርን ወሰን ሲደርስ በቅጽበት ይደረመሳል። ከድርመሳው በኋላ የሚቀረው ወይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ያለው የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ወይም ክብደቱ ከዚያም ካለፈ ጥቁር ጉድጓድ ነው።

ጥቁር ጉድጓድ ማለት ብርሃን እንኳ ሊወጣበት የማይችል ወሰን ያለው ስፍራ ነው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ፀሐያችን ጥቁር ጉድጓድ ትሁን ቢባል ከመካከሏ እስከ ዳርቻዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ እስክትሆን መጨመቅ ይኖርባታል። መካከሏን አንዋር መስጊድ ላይ ብናደርገው ዳርቻዋ አራት ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ምድራችን ራሷ ብትጨመቅ ልጆች ከሚጫወቱበት ብይ እምብዛም አትበልጥም። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ጥቁር ጉድጓድ ያገኘውን ሁሉ ከሩቅ እየሳበ የሚውጥ አውሬ አይደለም። ፀሐይ ዛሬ ጥቁር ጉድጓድ ብትሆን ምድር ትበርዳለች፣ ትጨልማለችም፤ ዙረቷን ግን በዚያው መንገድ ትቀጥላለች፤ የፀሐይ ክብደት አልተለወጠምና።

የጥር ወር ስብሰባ

ቻንድራ ካምብሪጅ ገብቶ በ1933 ዶክተር ተባለ፤ የትሪኒቲ ኮሌጅ አባልም ሆኖ ተመረጠ። ስሌቱን በጥንቃቄ አስፍቶ ሠራው። በ1934 የመጨረሻ ወራት ሰር አርተር ኤዲንግተን ደጋግመው ወደ ክፍሉ እየመጡ የሥራውን አካሄድ ይጠይቁት ነበር።

ሰር አርተር ማን እንደ ነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1919 በአፍሪካ ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ፕሪንሲፔ ደሴት ሄደው የፀሐይን ግርዶሽ በመመልከት የአይንስታይንን ሐሳብ በመለኪያ ያረጋገጡ፣ ስለ ከዋክብት ውስጣዊ አሠራር በዘመናቸው አቻ ያልነበራቸው ሊቅ ናቸው። በዓለም ላይ የቻንድራን ሥራ ሊረዱ ይገባቸው ከነበሩት ሰዎች የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ።

ጃኑዋሪ 11 ቀን 1935 ቻንድራ በለንደን በንጉሣዊው የአስትሮኖሚ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሥራውን አቀረበ። ከእርሱ ቀጥለው ሰር አርተር ተነሡ፤ ምን እንደሚናገሩ አስቀድመው አልነገሩትም ነበር። ንግግራቸውም ባጭሩ፣ ኮከብ እስከ መጨረሻው እየተኮማተረ ብርሃኑን ሳይቀር አፍኖ ይይዛል ማለት ከንቱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ መኖር አለበት የሚል ነበር። ተሰብሳቢው ሣቀ። ልብ በሉ፤ ሰር አርተር የስሌቱን ፍጻሜ ከማንም ቀድመው ተረድተውታል። ዛሬ ጥቁር ጉድጓድ የምንለውን ነገር በትክክል ገልጸውት ነበር። የገለጹት ግን ሊቀበሉት ሳይሆን ሊጥሉት ነው። በጉባኤው ፊትም ያሸነፈው ማስረጃቸው ሳይሆን ስማቸው ነው። በዚያው ዓመት በፓሪስ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ነገሩን ደገሙት፤ ቻንድራ መልስ ለመስጠት ቢለምንም አልተፈቀደለትም።

ዝም ያሉት

ቻንድራ በኮፐንሃገን ወዳለው ወዳጁ ወደ ሮዘንፌልድ ጻፈ። ሮዘንፌልድና ታላቁ ቦር ወጣቱ ትክክል መሆኑን አመኑ። ኤሌክትሮኖች አንድ ቦታ አይካፈሉም የሚለውን ሕግ ያወጣው ፓውሊም ትክክል ነው አለ። ነገር ግን ይህን በግል እንጂ በአደባባይ ሊናገሩ አልፈለጉም። ዲራክ፣ ፓይርልስና ፕራይስ የሰር አርተርን ስሕተት በጽሑፍ ያሳዩት በ1942፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ የጃኑዋሪ 1935 ወር ለእኛ አገር እንግዳ ወር አይደለም። ኢትዮጵያ የወልወልን ጠብ ይዛ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታዋን ያቀረበችው በዚያው ወር ነው። በጄኔቭ ከተቀመጡት መካከል እውነቱ ከማን ዘንድ እንደ ነበረ የማያውቅ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ። የአንድ ተማሪ ውርደትና የአንድ አገር መወረር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የዝምታው ጠባይ ግን አንድ መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም።

ደግሞም በሌላው ለመፍረድ ከመቸኰላችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ መምህሩ መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ ከከተማዋ ጋራ አብሮ የተቈረቈረ ነው ብለው አስተማሩ። አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ ዋናው ገበያ በአራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደ ነበረና ወደ ዛሬው ስፍራ ያዛወሩት ጣልያኖች በወረራው ዘመን እንደ ሆኑ፣ አያቱም በአራዳ ሲነግዱ እንደ ነበሩ ተናገረ። መምህሩ «የአያት ተረት በዩኒቨርሲቲ አይጠቀስም» ብለው አለፉት። ክፍሉ ሣቀ። እኛ ነገሩን እናውቅ ነበር፤ ከመጽሐፍም አንብበነዋል። አንዳችንም አልተነሣንም። ከክፍል ከወጣን በኋላ ግን በኮሪደሩ ከብበን «ልክ ነበርህ» አልነው። እርሱም «እዚህ ለምን ትነግሩኛላችሁ?» ሲል መለሰልን። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ አላየነውም።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ከክፉ ንግግር ለመጠበቅ ደግ ምክር ነው። እህል በረንዳ የሚውል ነጋዴ ግን እህል በጐተራ ሲቀመጥ እንደሚነቅዝ ያውቃል። የሚታወቅ እውነትም በየሰዉ ልብ ብቻ ሲከማች የሚጐዳው ሰው አለ።

ቻንድራ ምን አደረገ?

ሁለት ነገሮችን ሊያደርግ ይችል ነበር። ሐሳቡን ስቶ ለሰር አርተር ይቅርታ መጠየቅ፣ ወይም ዕድሜውን ሁሉ በክርክር መጨረስ። ሁለቱንም አላደረገም። በ1936 ላሊታ ዶራይስዋሚን አግብቶ በ1937 ወደ አሜሪካ ሄደና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ሆነ። በ1939 ስለ ከዋክብት አሠራር ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ወሰኑንም በመጽሐፉ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሌላ ርእስ ተሻገረ። አንድን ርእስ ለዓመታት ያጠናል፤ ጨርሶ ሲያውቀው መጽሐፍ ይጽፍበታል፤ ከዚያም እንደ ጀማሪ ሆኖ ሌላ ይጀምራል። ከ1952 እስከ 1971 ድረስም የአስትሮፊዚክስ ዋነኛ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በዚህ ሁሉ ለሰር አርተር ቂም አልያዘም። በ1944 ሰር አርተር ሲሞቱ በቺካጎ ተነሥቶ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ መሆናቸውን መሰከረ።

ጊዜው ግን እየተለወጠ ሄደ። ሮይ ኬር የተባለ የኒውዚላንድ ሰው በ1963 የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ምን እንደሚመስል ከአይንስታይን ቀመር አወጣ። በ1967 ጆን ዊለር «ጥቁር ጉድጓድ» የሚለውን ስም አስፋፋው። ቻንድራም በስድሳዎቹ ዕድሜው፣ ልቡን እየታመመ፣ በወጣትነቱ ደጁን ወዳንኳኳው ነገር ተመለሰ። ከዓመታት ድካም በኋላ የጥቁር ጉድጓዶችን ሒሳብ የሚተነትን ወፍራም መጽሐፍ በ1983 አወጣ። በዚያው ዓመት በ73 ዓመቱ የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሌላ ሊቅ ጋራ ተካፈለ። ከመርከቡ ጕዞ እስከዚያ ቀን 53 ዓመት አልፎ ነበር።

ለአርትስ ተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር እንጨምር። ቻንድራ በ1975 በቺካጎ በሰጠው ንግግር ሼክስፒርን፣ ኒውተንንና ቤትሆቨንን ጐን ለጐን አቁሞ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በሳይንስና በሙዚቃ ፈጠራ እንዴት እንደሚያድግ መርምሯል። ጥቁር ጉድጓዶችንም የወደደበት ምክንያት ውበታቸው ነው። የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድን ለመግለጽ ክብደቱንና የሽክርክሪቱን መጠን፣ ሁለት ቍጥር ብቻ ማወቅ ይበቃል። ከዚህ ይበልጥ ቀላል ሆኖ ከዚህ ይበልጥ ጥልቅ የሆነ ነገር በተፈጥሮ እንደማይገኝ ያምን ነበር።

ኦገስት 21 ቀን 1995 በቺካጎ አረፈ። አሜሪካኖች በ1999 ወደ ሰማይ የላኩት የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ «ቻንድራ» ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። በ2015 ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ የተነሣው ሞገድ በምድር ላይ ተለካ። በ2019 ክብደቱ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ጥቁር ጉድጓድ ጥላው በፎቶግራፍ ታየ፤ በ2022 ደግሞ በራሳችን ጋላክሲ መካከል ያለው ታየ። ሰር አርተር የሚከለክል ሕግ ይኖራል ያሉለት ነገር ይኸው ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ እንዳይመስለን። ከመርካቶ ፊታችንን ወደ ሰሜን ብንመልስ እንጦጦን እናያለን። በዚያ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የኢትዮጵያ የኅዋ ሳይንስ ማኅበር በ2004 ሲመሠረት ነገሩ እንደ ቅዠት ተቈጥሮ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር ሰሎሞን በላይ፣ ሲጀምሩ ሰዎች እብዶች ይሏቸው እንደ ነበረ ተናግረዋል። እሳቸው ራሳቸው ያጠኑት በከዋክብት ዙሪያ እየተሽከረከረ የሚወድቀውን ጋዝ ነው፤ ጥቁር ጉድጓድ በሩቅ የሚታወቀውም እንዲህ ያለው ጋዝ ሲግል በሚያወጣው ብርሃን ነው። ሚርያና ፖቪች የተባሉ ሰርቢያዊት ተመራማሪም በአዲስ አበባ ሆነው፣ በመካከላቸው ታላላቅ ጥቁር ጉድጓዶች የሚሠሩባቸውን ጋላክሲዎች ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋራ አጥንተዋል።

«ዳቦ ሳይጠግቡ ኮከብ መቍጠር ምን ይረባል?» የሚሉ ሰዎች ጥያቄ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ በመርካቶ ያደገ ሰው የዳቦን ነገር አይንቅም። ነገር ግን ቻንድራም የመጣው በሌላ አገር ትገዛ ከነበረች ድኻ አገር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ለአያቶቻችንና ለአባቶቻችን በየትምህርት ቤቱ ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሯቸው መካከል ብዙዎቹ የዚያች አገር ልጆች ነበሩ። ዳቦ ፈላጊ አገር ወረቀትና እርሳስ ልታጣ አይገባም ብለን እናምናለን።

መደምደሚያ

ሽማግሌን መናቅ አልተማርንም፤ በዚህ ጽሑፍም አንመክርም። ሰር አርተር ታላቅ ሰው ነበሩ፤ ቻንድራ ራሱ መስክሮላቸዋል። የምንለው ይህ ነው። የተናጋሪው ማዕረግ የነገሩ ማስረጃ ሆኖ አይቈጠር፤ የተናጋሪው ወጣትነትም የነገሩ ጕድለት አይሁን። እውነቱን የምናውቅ ስንሆን በኮሪደር ሳይሆን በአዳራሹ እንናገር፤ በትሕትና፣ ማስረጃ ይዘን፣ ከወንበራችን ተነሥተን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ግን ማንም ሳይደክምለት ይመጣል። የቻንድራ እውነት የጠራው እርሱ መጽሐፉን ስለ ጻፈ፣ ሌሎችም ዘግይተውም ቢሆን ስለ ተናገሩ ነው። እኛም ለዚያ ጓደኛችን የሚገባውን ቃል በሚገባው ቦታ ሳንናገር ቀርተናል። ስሙን ሳንጠራ በዚህ ገጽ፣ በእናንተ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት እንላለን፦ ልክ ነበርህ። በሚመጣው ጊዜ እጅህን ስታነሣ እኛም እንነሣለን።